የዳሂር ግራ ክንድ

ባለፈው ሳምንት ራስ ምታት አላስቀምጥ ሲለኝ ሳቢያን ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የለካችኝ ነርስ ከልጄ አትበልጥም። ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠምጥማ ነፋችው፤ ቁጥሩን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«አባባ፣ ደም ብዛት አለብህ እኮ። እስከ ዛሬ አልታወቀህም?»

አንተ ማለቷ የድሬ ወግ ነው፤ አልከፋኝም። አባባ መባሉ ግን ከደም ብዛቱ በላይ አናደደኝ። ጨርቁ ተንፍሶ ደሜ ወደ ጣቶቼ ሲመለስ ታዲያ ዳሂር ትዝ አለኝ። እሱንም በሽታው ሳይታወቀው ነበር የጀመረው።

ዳሂር ታይዋን ገበያ ውስጥ ሞባይል ይሸጥ ነበር። ያደግነው አንድ ሰፈር ነው፤ እኔ የክርስቲያን ቤት ልጅ፣ እሱ የሶማሌ ቤት ልጅ፤ እሱ ቤት ሩዝ በፍየል ሥጋ ሲሠራ የእኔም ሳህን ነበረ። ያኔ ሁለታችንም ሠላሳ አልሞላንም። ራሱን ሲያመው ከሱቁ ደጃፍ ማስታገሻ ገዝቶ በቀዝቃዛ ኮካ ይውጣል፤ ተመርምሮ አያውቅም። በመጨረሻ ፊቱ አብጦ ሐኪም ቤት ሲገባ፣ ደም ብዛቱ ኩላሊቶቹን ጨርሷቸዋል ተባለ።

ከዚያ እጥበት ጀመረ። ደሙን ማሽን ወስዶ፣ አጥቦ ይመልስለታል። ለዚህ ብለው አዲስ አበባ ወስደው ግራ ክንዱ ላይ ሁለት የደም ሥሮች አገናኝተው ሰፉለት። ሥሩ አብጦ ከቆዳው በላይ ወጣ። ሲነኩት ይነዝራል፤ ጆሮ ሲያስጠጉበት ከሩቅ እንደሚመጣ ባጃጅ ያጉረመርማል።

«ወሪያ፣ ና ሞተሬን ስማ» ይላል ላገኘው ሁሉ። የታይዋን ነጋዴ ያልሰማው አልነበረም።

የምታጥበው ነርስ ግን ቀልዱን አትወድም ነበር። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ሸክም አይነሳም፣ ሰዓት አይታሰርም። ማሽኑ ደሙን የሚወስድበት በር ያ ሥር ነው፤ እሱ ከተዘጋ ሌላው መንገድ ሁሉ አደገኛ ነው አለችው። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ጥሙ ነው። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፣ ነፋሱም የሚመጣው ከምድጃ ነው። የጠጣው ውሃ ደግሞ አይወጣለትም፤ እግሩና ሳንባው ውስጥ ይጠራቀምና ማሽኑ በአንድ ጊዜ ይስበዋል። ብዙ ሲሳብ ግፊቱ ቁልቁል ይወርዳል። እድሜ ልኩን ደም ብዛት የገዛው ሰው አሁን ደግሞ ደም ማነስ እንዳለበት ሰው ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ ዓይኑ ይጨልማል። ስለዚህ ጫት ልንቅም በርጫ ላይ ስንሰበሰብ ውሃችንን ከበር ውጭ ደብቀን ተራ በተራ ወጥተን እንጠጣ ነበር። እሱ አንዲት ቁራጭ በረዶ አፉ ውስጥ ይዞ ያስታምማታል።

በርጫችን ሳምሶን ቤት ነው። ሳምሶን የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ቤት ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ከምሳ በኋላ ድሬ ሱቋን ስትዘጋ እኛ ፍራሹ ላይ ነን። ዳሂር መቃም ተከልክሏል፤ ቀንበጡን እየመረጠ ለእኛ ያቀብላል እንጂ አይቀምስም። ወሬው ግን ከሁላችን ይበልጣል። በርጫ ላይ አቀማመጥ መቼም አንድ ነው፤ ግራ ክርን ትራሱ ላይ ይደገፋል፣ ቀኝ እጅ ለቅጠሉ ነፃ ይሆናል። ማንም አያስተምርህም፤ ከታላላቆችህ አይተህ ትለምደዋለህ።

ያን ቀን ከእጥበት ቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዛሬስ ገደል ነው የገባሁት አቦ» አለ። «ግፊቴ ጠፋ። እግሬን ሰቅለው ጨው ውሃ በደም ሥሬ ሰጡኝ።»

«ታዲያ ቤት ሄደህ አትተኛም?» አለው ሳምሶን።

«ቤት ሆዮ ታየኛለች። ቁጭ ብላ ስታየኝ አልችልም።»

ሆዮ እናቱ ናት። ለወራት እንቅልፍ እንደሌለው ታውቃለች፤ ሰውነቱ ያሳክከዋል፣ እግሩ አላርፍ ይለዋል፣ እሷም አብራው ታነጋለች።

እንደ ልማዱ ተጋደመ፣ ወሬ ጀመረ፣ ወሬው መሐል ቃላቱ ተንጠባጠቡ። ቀና ብለን ስናይ ጭንቅላቱን ግራ ክንዱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ደስታችንን አልረሳውም። ሳምሶን ቴሌቪዥኑን አጠፋ። እኔ ቬንትሌተሩን ወደ እሱ አዞርኩለት። ደጅ ባጃጁን የሚያስጮህ ጎረቤት ነበር፤ ወጥቼ ለመንኩት። ሞቅ ብሎን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

የአስር ሰላት አዛን ቀሰቀሰው። እጁ ደንዝዞ ስለነበር እየሳቀ አራገፈው። ከዚያ ክንዱን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ሳቁ ቆመ። ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቆዳው ሞቃት ነው፤ ውስጡ ግን ጭጭ ብሏል።

«ትሰማለህ?»

«አልሰማም» አልኩት። መዋሸት ነበረብኝ፣ ግን አልመጣልኝም።

ሐኪም ቤት ነርሷ በማዳመጫዋ ላይ ታች ፈለገች። «እንዴት ሆኖ ነው የተኛው?» ብላ ጠየቀችን። ዳሂር ራሱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ክርኑን አጥፎ፣ ጭንቅላቱን አስደግፎ አሳያት። የድሬ ልጅ ስለሆነች ወዲያው ገባት። ግፊቱ ወርዶ ደሙ ሲዘገይ፣ የታጠፈው ክንድ ላይ ክብደት ሲጨመርበት፣ እዚያው እንደረጋ ነገረችን። ሳትቆጣ ነው የተናገረችው፤ ብትቆጣ ይሻለን ነበር።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደገፈና «ወላሂ፣ እንቅልፉ ግን ይጣፍጥ ነበር» አለኝ። አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

አዲስ አበባ ሲደርስ ሥሩን ማዳን አልተቻለም። አንገቱ ላይ ቱቦ አስገብተውለት እየታጠበ ቆየ። በዚያው በቱቦው በኩል ትኩሳት ገባ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው።

ሆዮ ዛሬም አለች። ዓይኗ ደክሟል እንጂ ድምፄን ታውቃለች። በየኢዱ እሄዳለሁ። ዳሂር ስለዚያ ከሰዓት የነገራት ግማሹን ብቻ ነው፤ ክንዱ በበሽታው እንደተዘጋ ነው የምታምነው። ዘንድሮም ቤቱን ለሞሉት እንግዶች፣ «ልጄ ታሞ አንዲት ቀን ጠግቦ የተኛው እነዚህ ልጆች ዝም ብለው ስላስተኙት ነው» ብላ አወራች። አጠገቧ አስቀምጣ መዳፏን ራሴ ላይ ጫነችና መረቀችኝ።

እንግዶቹ ሁሉ አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ።