የአባቴ ጎጆ ጉልላት

ሐምሌ ፲፱ ቀን ፲፱፻፹፬ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሶዶ ውስጥ የጎረቤቴን ማድ ቤት የሣር ክዳን ሲያፈርሱ የበሰበሰው ሣር ሽታ እስከ መስኮቴ ድረስ መጣ።

በ፲፱፻፳፰ ክረምት የእኛም ጎጆ እንዲሁ ይሸት ነበር። አባቴ ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል፤ ዝናቡም በጉልላቱ በኩል እየገባ ምሰሶውን ያበሰብሰው ጀመር። እናቴ ከውስጥ የእንሰት ቅጠል ብትወትፍበትም ውኃው ገፍቶ ጣለው። ምሰሶው መንቋቋት ሲጀምር ክዳን ሠሪውን ሽማግሌ፣ አያ አንጁሎን፣ ለመነቻቸው።

«ልጄ፣ ጎኑን ልክደንልሽ። ጉልላቱን የሚያስረው ግን ባለቤቱ ነው። እኔ ካሰርሁት፣ ሞቷል ማለቴ ነው» አሏት።

«ጎኑ ምን ያደርግልኛል? ዛሬ ቢደረመስ የሚቀበረው ማን ነው? እርስዎ ነዎት?»

«እንዲያ ከሆነ፣ ሞቷል በዪኝና ጣሪያው ላይ ልውጣ።»

እናቴ ምሰሶውን በሁለት እጇ አቀፈችው። ውኃው በክንዷ ላይ ወረደ።

«ይውጡ» አለች በመጨረሻ፤ «ሞቷል ግን አልልም።»

ሽማግሌው ወጥተው አሰሩት፤ ፍሳሹም ቆመ። መንደርተኛው ለለቅሶ ሲመጣ እናቴ በሩን ዘጋችበት።

አባቴ የት እንደ ወደቀ፣ መውደቁንም እንኳ፣ እስከ ዛሬ ያወቀ የለም።