ለሚስቱ የተቀዳ ዘፈን

ሐኪሙ ለወንድሜ የነገረው ባጭሩ ነበር። አንገቱ ላይ ያለው እንቅርት ወደ ውስጥ ስላደገ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት፤ የድምፅ ነርቭ አጠገቡ ስለሚያልፍ ግን ድምፁ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። ወንድሜ ሆመቾ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመራል። ሁለቱም በጉሮሮ የሚሠሩ ናቸው። ይህን ሲነግረኝ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቄያለሁ፤ እንባው አልመጣም። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቄ ጻፍኩት።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጊታር አዝሎ ሆሳዕና ከተማ እኔ ቤት መጣ።

«በስልክሽ ትቀጂኛለሽ» አለኝ።

«መዝሙር?»

«ዘፈን።»

ካገባ በኋላ ጌታን ሲቀበል ካሴቶቹን ሁሉ ለጎረቤት አድሏል፤ ከዚያ ወዲህ ዘፈን ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። የመረጠው ሁሉም ሰው የሚያውቀው የቆየ የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ዋናው በጥሩምባና በድራም የታጀበ፣ ሠርግ ላይ የሚጨፈርበት። ለሚስቱ መሆኑን ነገረኝ። ከመጋባታቸው በፊት ይዘፍንላት ነበር። ድምፁ ካልተመለሰ ይህ እጇ ላይ እንዲቀር ፈልጓል።

«ቀስ አድርጌ፣ እንደ መዝሙር ነው የምጫወተው» አለ። «ጎረቤቶችሽ ቢሰሙ ስለ መንግሥተ ሰማይ ይመስላቸዋል።»

«ሚስትህስ?»

«እሷ ታውቀዋለች።»

የኳየር ልጆች እያሉ ወደ እኔ የመጣው ወሬ ስለማላወጣ ነው። መኝታ ቤቱን አዘጋጀሁ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፤ ፍራሹን በሩ ላይ አቆምኩ፤ ስልኩን መጻሕፍት ደርድሬ በአፉ ትክክል አስቀመጥኩት። ውጭ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ድምፁ እስኪርቅ እንጠብቅ ነበር።

ጀመረ። ጭፈራው ከዘፈኑ ሲወጣ ቃሉ ብቻውን ቀረ፤ ሰው እየጠበቀ ያለ ሰው ንግግር ሆነ። ጥሩ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አበላሸው። እያንዳንዱን ስንኝ ከመዝፈኑ በፊት በንግግር ይናገረዋል፤ ከዚያ ይዘፍነዋል። ይህን አውቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው ብዙ ስለነበር መሪው ስንኙን አስቀድሞ ይጠራል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ይዘምራል። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መዝሙር የያዝኩት እሱ እየጠራልኝ ነው። ስለዚህ የመድረክ ልማድ መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

«ጋሼ፣ እየጠራህ ነው እኮ። ማን ይከተልሃል? ያለነው እኔና አንተ!»

ሳቀ። «ግዴለም፣ ይህቺው ትሁን።»

«አትሆንም። ዘፈኑን ቆራረጥከው።»

የምሠራው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ቤተሰቡ የሚያሾፍብኝ በዚሁ ነው። «የላይብረሪዋ እመቤት አልወደደችውም!» አለ። «እሺ፣ ይታረም።» ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ጊታሩን መቃኘት ጀመረ።

የመጀመሪያውን አጠፋሁት። የተበላሸ ነገር ከደህናው ጋር ማስቀመጥ አልወድም፣ በኋላ ያምታታል። ሁለተኛው ላይ አራት ቦታ ጠራ። ሦስተኛው ላይ ሁለት። አራተኛው ላይ የጎረቤት አውራ ዶሮ ገባበት። ስህተቱን ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ፣ የተበላሸውን ቅጂ እያጠፋሁ አስደገምኩት። ስድስተኛው ንጹሕ ወጣ። ያኔ መዳፉን አንገቱ ላይ አድርጎ በአፉ ይተነፍስ ነበር።

«አሁን ደስ አለሽ?»

«ትክክል ነው» አልኩት።

ደስም አላለኝም፣ አልከፋኝምም። ትክክል ነበር።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ድምፁ አልተመለሰም። ጊዜ ስጡት አሉን፤ ወራት ሰጠነው። የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ጆሮ አስጠግቶ የሚሰማ። ከክፍል አውጥተው መዝገብ ቤት አስቀመጡት። መዝሙሩን ሌላ ሰው ይመራል። ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነው፣ እየሠራ ነው» እላለሁ፤ ውሸት አይደለም።

አንድ እሁድ ዘፈኑን ይዤ እንድመጣ አስጠራኝ። ሆመቾ ስደርስ ሚስቱ በረንዳ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጧል። ስልኩን በርጩማው ላይ አድርጌ ከፈትኩት። እጇን ከጎመኑ ሳታነሳ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ቆንጆ ነው» አለች። «ለሰው ነው እንዴ የዘፈነው?»

«ኧረ ላንቺ ነው፣ እትዬ።»

«ለእኔ ሲሆንማ እንዲህ አይደለም።» ወደ እሱ ዞረች። «አንተ፣ አልነገርካትም? እኔ ከአንጋጫ ስመጣ ከከምባትኛ ሌላ አላውቅ። እሱ ሀዲይኛውን ይዞ ቁጭ። ያለችን አማርኛ ናት፤ እሷም ለእኔ ገና የልጅ ናት። ዘፈን ሲዘፍን አይገባኝማ! ስለዚህ መጀመሪያ በአፉ ቀስ ብሎ ይነግረኛል፣ ከዚያ ይዘፍነዋል። ቤተ ክርስቲያን ሳይገባም እንዲህ ነበር። እኔ የወደድኩት ያንን ሲነግረኝ ነው እንጂ ዘፈኑንማ ሬድዮውም ይዘፍነዋል።»

ወንድሜ መሬት መሬት ያያል።

«አጠፋሁት» አልኩ።

«ምኑን?»

«የነገረሽን። ልማድ መስሎኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሁለት ሦስት ቅጠል ቀነጠሰች። ወንድሜ ወደ እኔ ጎንበስ ሲል ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ልነግርሽ ነበር» አለ በትንፋሹ፤ «አፈርኩሽ።» ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። የሚሰማኝ የበረንዳው ስሚንቶ ቅዝቃዜ ብቻ ነበር።

እሷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እንደገና ክፈቺው» አለች።

ከፈትኩት። ጊታሩ ጀመረ። ድምፁ ከመግባቱ በፊት እሷ ፈጠን ብላ የመጀመሪያውን ስንኝ ተናገረች፤ እሱ ስልኩ ውስጥ ዘፈነው። ሁለተኛውን ተናገረች፣ ዘፈነው። አራተኛው ላይ ጠፋት። ቀና ብላ አየችው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እኔ ጋ ምንም አልደረሰም፣ እሷ ግን ያዘችው። ስትናገረው ዘፈኑ አልፏት ነበር።

«አቁሚው» አለችኝ። «ከዚያ ላይ መልሺው።»

መለስኩት።