የማን ቤት እርሾ

ዘመኑ 2003 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ጳጉሜን ላይ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የወጣሁበት ምሽት ያካፋ ነበር። ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ከእንጦጦ ቀድታ ያመጣችውን ጸበል በትንሽ ጠርሙስ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። እሷ ዘንድ የተውኳት ልጄ ሰላም አሥር ዓመቷ ነበር። ታክሲው ቁልቁለቱን እስኪወርድ አላለቀሰችም።

ስዊድን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጽዳት ሥራ አገኘሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራው ከጸና ሰላምን ማስመጣት እችላለሁ፤ ከጠፋ ግን የእኔም የመኖሪያ ወረቀት አብሮ ይጠፋል። ብርዱ የእንጦጦን ውርጭ ያስመሰግናል። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ግን ሊፍት ውስጥ ሰላም ካልሻቸው ደንግጠው ያዩሻል። ፊካ በሚሉት የሻይ ሰዓት አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ "ብዪ እንጂ" የሚለኝ የለም።

በስሜ የሚጠሩኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ክፍል አራት የተኙ፣ ኡልፍ የሚባሉ ጠያቂ የሌላቸው ሽማግሌ። አንድ ጠዋት ስጸልይ አይተው "ለእኔስ?" አሉኝ። ጣቴን ጸበሉ ውስጥ ነክሬ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ምልክት አደረግሁ። ሦስት ጠዋት እንዲሁ።

በሳምንቱ ፈንገስ ደማቸው ውስጥ ገባ ተባለ። ሌሎች ሁለት ሕሙማንም ላይ ተገኘ። እኔን የጠረጠረ አልነበረም። ለእህቴ ደውዬ የጸበሉን ነገር ነገርኳት።

"ዝም በዪ አንቺ! ጸበል ሰው ይገድላል? ደግሞ ልጅሽን አስቢ።"

"እትዬ፣ ጸበሉ ባይሆን ጣቴ ቢሆንስ?"

በማግስቱ ለአለቃዬ ተናገርኩ። ቅጽ አወጣች።

"ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ውሃ ነው?"

"ውሃ ብቻም አይደለም።"

ወረቀቱን ላይ ታች አየችው። "እሺ፣ ‘ልዩ ልዩ’ የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ።"

ጠርሙሱን ወሰዱ፤ ከእጄም ናሙና ወሰዱ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ቤትሽ ተቀመጪ አሉኝ። ሁለት ሳምንት ግድግዳ ሳይ ከረምኩ። ለሰላም ሥራ ላይ ነኝ አልኳት፤ የዋሸኋት ያኔ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የላቦራቶሪዋ ሐኪም ጠራችኝ። የየበሽተኛውን ፈንገስ ዲ ኤን ኤ እያነጻጸሩ ከየት ወዴት እንደሄደ እንደሚያውቁ አስረዳችኝ። "የእርሾ ዘመድ ነው" ስትል ገባኝ። እኛ ሰፈር እርሾ ያለቀባት ከጎረቤት ትዋሳለች፤ እንጀራዋን የቀመሱ ሴቶች የማን ቤት እርሾ እንደሆነ ይለያሉ።

"ታዲያ የማን ቤት ነው?" አልኳት።

ሳቀች። የሦስቱም ፈንገስ አንድ ዘር ነው፤ ያው ዘር ከክፍል ክፍል ሲዞር በነበረ የብብት ቴርሞሜትር ላይ ተገኝቷል። ጠርሙሴም ፈንገስ ነበረበት፤ ግን ሌላ ዘር ነው። እጄ ላይ ምንም አልነበረም።

"ተመስገን" አልኩ።

"ቢሆንም ያ ውሃ ለበሽተኛ አይሆንም። ሁለተኛ እንዳትነኪያቸው" አለችኝ። እውነቷን ነው።

"ኡልፍስ?"

"ማክሰኞ አረፉ።"

በእኔ ምክንያት ታመምኩ ብለው ሞተው ይሆን? የሚነግረኝ የለም።

ማታ ቤት ደወልኩ። እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው። "ሌላ ጸበል እልክልሻለሁ!"

"አይ እትዬ፣ እዚያው ሆነሽ ጸልዪልኝ።"

ሰላም ስልኩን ተቀበለቻት። "እማዬ፣ እዚያ የሚያውቅሽ ሰው አለ?"

"ነበር" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ክፍል አራት ሌላ ሰው ተኝቷል። ወለሉን ወልውዬ ወጣሁና ደጃፉ ላይ ዞር አልኩ፤ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ በሩን ሳላልፍ፣ አቡነ ዘበሰማያት በልቤ ደገምኩ።