ለእሑድ የተነጠፈ አገዳ

ባሌ ኡራኤል ያቀዳቸውን ነገሮች ሁሉ ሠርቷቸው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ሐረር ባሕር ይኖራት ነበር።

ሙያው ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ እጁ ገብቶ የማይድን ዕቃ የለም፤ በዚህ አላማውም። ችግሩ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹ ሄኖክና ነስሮ ጫታቸውን ይዘው ቤታችን ይመጣሉ። ፍራሹ ላይ ይጋደማሉ። ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ማቀድ ይጀምራሉ። የኔ ሥራ ሲመሽ ነው፤ ጥለውት የሚሄዱትን የጫት ገራባ፣ የኦቾሎኒውን ልጣጭ፣ አረንጓዴ ምራቅ የነካካውን ላስቲክ መጥረግ። ስንት ዓመት ጠርጌ አልለመድኩትም። ዛሬም ያቅለሸልሸኛል።

የዘንድሮው ዕቅድ የእግር ጉዞ ነው። ከሶፊ ወዲያ፣ መኪና የማይደርስበት፣ ምንጭ ስለሚበዛው በጋ ከክረምት ዙሪያው ማጥ የሆነ ኮረብታ አለ። እዚያ ላይ አባ ጀይላን የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ይኖራሉ። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ኡራኤል ገና ትንሽ ልጅ ሳለ እናቱ ለእሳቸው አደራ ሰጥታው ነበር። እሳቸውም ክርስቲያን ነው ብለው ሥጋቸውን ሳያስነኩ፣ ለብቻው ወተትና ቂጣ እየሰጡ፣ ከልጆቻቸው ሳይለዩ አከረሙት። "ሁለተኛ አባቴ" ይላቸዋል፤ እውነቱን ነው። ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ገበያ በወረዱ ቁጥር ሱቁ ጎራ ሳይሉ አይመለሱም ነበር። አሁን ከኮረብታው መውረድ ሲያቅታቸው "ሳልሞት ልጄን አንዴ ልየው" ብለው ላኩበት።

"በእግራችን እንወጣለን!" አለ ኡራኤል፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ዓይኑ ፈጦ።

ሄኖክ ቦቲ ጫማ ከዘመዱ እዋሳለሁ አለ። ነስሮ "ወላሂ፣ ፍየል ይዘን ነው የምንወጣው" አለ። መንገዱን ምንጣፌ ላይ በስኳር ሣሉት፤ ማጡን በኦቾሎኒ ልጣጭ አጠሩት። ኡራኤል ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ ወዲያው ለሽማግሌው የልጅ ልጅ ለናፊያ ደወለ። "ለአባ ንገሪያቸው፣ ነገ መጣን!"

እሑድ እስከ ቀትር ተኛ። ስኳሩን ጉንዳን ወረረው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ዕቅድ፣ ያው ስልክ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ብዬ እኔም መስማት ተውኩ።

አንድ ሐሙስ ቅመም ልገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ሄጄ ናፊያን ድንች ስትሸጥ አገኘኋት።

"እትዬ ገላነሽ፣ ምነው ቀራችሁ?" አለችኝ። "አባ እኮ በደወላችሁ ቁጥር ማጡ ላይ የማሽላ አገዳ ያነጥፋሉ። የከተማ ሰው ጫማው እንዳይበላሽ ነው አሉ። እኔ ላንጥፈው ብላቸው፣ 'ለልጄማ እኔ ነኝ' ብለው እንቢ አሉኝ። ባለፈው እዚያው ወደቁ። ብርድ መታቸው፤ ይኸው ተኝተዋል።"

አንገሸገሸኝ። ለባሌ ብነግረው እንደገና እንደሚያቅድ አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ፣ ዳቦና ስኳር ይዤ ብቻዬን ወጣሁ።

እኔ ጭቃ የምጠላ ሴት ነኝ። ማጡ ጋ ስደርስ ገና ከሩቅ ሸተተኝ። አገዳው ከላይ ቢጫ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጠቁሯል፤ ከዚያ በታች ያለው በስብሶ ከጭቃው ጋር አንድ ሆኗል። የባሌ ቅዳሜዎች ናቸው እንዲህ የሚሸቱት። አፍንጫዬን ይዤ በላያቸው ሄድኩ። መሃል ላይ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ፤ ስወጣ አልቅት ባቴ ላይ ተጣብቆ ነቀልኩት። ኡፍ!

አባ ጀይላን ደጃፋቸው ላይ ቁርበት ተነጥፎላቸው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተጋድመዋል። ገና ሳልቀመጥ "ኡራኤልስ?" አሉኝ።

"ሥራ ይዞት ነው፣ አባ።"

"አልሐምዱሊላህ። ሥራ ካለ ጥሩ ነው" አሉ። ሳላቸው ያስፈራል።

የቀትሩ የዙሁር ሶላት ካለፈ በኋላ የናፊያ ስልክ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረገችው። "ናፊያዬ! ለአባ ንገሪያቸው፣ ነገ መጣን! ፍየሉም ተገዝቷል!" ይላል ባሌ፤ ከኋላው ሄኖክ ይስቃል። እኔ እዚያ መቀመጤን በምን ያውቃል?

የሽማግሌው ፊት በራ። "ኢንሻአላህ! ናፊያ፣ ማጭዱን አምጪልኝ" ብለው ሊነሡ በክንዳቸው ተደገፉ።

በባሌ አፈርኩ ብል ያንሳል፤ ተጸየፍኩት። ሽማግሌውን ደግፌ አስተኛኋቸውና ማጭዱን ተቀበልኩ። "እኔ አነጥፈዋለሁ፣ አባ።"

"ጥቅጥቅ አድርጊው፤ ልጄ እንዳይወድቅብኝ" አሉኝ።

ከናፊያ ጋር አገዳ ቆርጠን፣ ተሸክመን ወርደን፣ ያን ግም ማጥ አለበስነው።

አመሻሽ ላይ ቤቴ ስገባ ሦስቱም እንደተጋደሙ ናቸው። ኡራኤል እግሬን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

"አቦ ገላነሽ! ይኼን ቆሻሻ ይዘሽ ምንጣፍ ላይ? ምን ነክቶሽ ነው?"

ገራባው መሃል ገብቼ ቆምኩ።

"ከአባ ጀይላን ቤት ነው የመጣሁት። አገዳ ሊያነጥፉልህ ወርደው ወድቀው ታመዋል፤ የሚነሡም አይመስለኝም። ደጃፋቸው ላይ ተኝተው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ዛሬ እኔ አንጥፌልሃለሁ። ነገ በላዩ ትሄዳለህ" አልኩት።

ሄኖክና ነስሮ አቀረቀሩ። ኡራኤል እግሬ ላይ የደረቀውን ጭቃ አየ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ከዚያ ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጥ አደረገና ሰማዩን ተመለከተ።

"ነገማ ሳይዘንብ አይቀርም" አለ።