ሁለት ፊርማ

የዚህ ታሪክ ሰዎች አራት ናቸው። ጋሽ ዘበርጋ፣ ኮልፌ ውስጥ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ጅምላ ነጋዴ። ተክሌ፣ የበኩር ልጃቸው። አስካለ፣ ሱቁን ከጠዋት እስከ ማታ የምትመራው ሴት ልጃቸው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ፣ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ የመድን ውል በማንበብ ራሴን ያስተማርኩ፣ የቤተሰቡን ኢንሹራንስና ንብረት የምከታተል ወጣት።

ያስታወሰኝ የገዛ ልጄ ነው። ባለፈው ሳምንት የባንክ ቅጽ ይዞ መጣ። እናቱ ክፍለ ሀገር ነበረች። «አባዬ፣ በእሷ ቦታ አንተ ፈርምላት፤ ማን ያያል?» አለኝ። ተቆጣሁት። እንደ ልማዴም ስለ ታማኝነት ረጅም ምክር ሰጠሁት። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ብቻዬን ቁጭ አልኩ፤ ምክሬ ለራሴም አልጣመኝም።

ጋሽ ዘበርጋ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። መጋዘኑ የእሳት ዋስትና፣ መኪኖቹ ሙሉ ኢንሹራንስ ነበራቸው። ትርፋቸውን አንድ ቦታ አያከማቹም፤ ገሚሱ ሕንፃ ላይ፣ ገሚሱ አክሲዮን ላይ ነበር። ከባንክ ገንዘብ የሚወጣው ደግሞ እሳቸውና ተክሌ ሁለቱም ሲፈርሙ ብቻ ነው። ለዕቃ እንዲህ የሚጠነቀቁት ሰው ለሰው ሕይወትና ጤና መድን መግባትን ግን እንደ ሟርት ያዩት ነበር።

አንድ ቀን ከሱቁ ጀርባ ጎመን ክትፎ በቆጮ እየበላን ሳለ ደፍሬ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ከሁለታችሁ አንዱ ቢታመም የሚተካ ሦስተኛ ፈራሚ ያስፈልገናል። አስካለ ብትጨመርስ?»

«አስካለማ ነገ ታገባለች። ፊርማዬን ለማላውቀው አማች ላስረክብ?»

«እስካሁንስ ማን መጣ፣ አባባ?» አለች አስካለ ቆጮ እየቆረሰች።

«እሺ፣ ቢያንስ ለመስቀል አገር ቤት ስትሄዱ እርስዎና ተክሌ በአንድ መኪና አይሂዱ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ኢንሹራንስ ስታነብ እያደርክ የሚታይህ ሞት ብቻ ሆነ! እኔና ልጄ ለየብቻ ብንገባ አገር ምን ይላል? ተጣልተዋል ነው የሚለው!» በእሳቸው ቤት አባትና በኩር ልጅ ለመስቀል አብረው ነው የሚገቡት።

ክረምቱ እየወጣ፣ የኮልፌ ጭቃም መድረቅ ጀምሮ ነበር። ነጋዴው ሁሉ ቅቤውን ጭኖ ወደ አገሩ ሄዷል፤ ሱቆቹ በተርታ ተዘግተዋል። አስካለ የመጨረሻውን ጭነት ልትረከብ ከእኔ ጋር ቀረች። የአባትና የልጅ መኪና ከከተማው ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ።

ጋሽ ዘበርጋ ራሳቸውን ስተው ተኙ። ተክሌ አእምሮው ደህና ነበር፤ እግሩ ግን ተሰባብሯል። ሐኪሙ፣ እግሩ እንዲተርፍ የግል ሆስፒታል ገብቶ ቶሎ መሠራት አለበት አለ። ሆስፒታሉ ሦስት መቶ ሺህ ብር መያዣ ጠየቀ። ተክሌ አልጋው ላይ ሆኖ ቼኩን ፈረመ። ከፊርማው ጎን ያለው መስመር ባዶ ነበር።

ባንኩ እምቢ አለ። ሊያበድሩን የሚችሉት ሁሉ አገር ቤት ናቸው፤ ስልካቸው አይሠራም። በጋሽ ዘበርጋ ቦታ ሌላ ሰው እንዲፈርም ያመለከትንለት ተረኛ ችሎት ቀጠሮ ሰጠን። መድን ድርጅቱ ለመኪናው ካሳ እንደሚከፍል ነገረን፤ ለሰው ግን ውል አልነበረም።

አስካለ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«የአባባን ፊርማ ከራሱ በላይ ታውቀዋለህ። ፈርም።»

«አስካልዬ፣ ይሄ ወንጀል ነው።»

«የማን ገንዘብ ነው? የእነሱው አይደለም እንዴ?»

«ዛሬ ከፈረምኩ ነገ ማን ያምነኛል?»

«አንተ የምታስበው ስለ ራስህ ንጽሕና ነው» አለችኝ። «እሱ ደግሞ እግሩ ነው።»

አልፈረምኩም። እስር ፈርቼ እንደነበርም አልደብቅም። አስካለ ከእናቷ የወረሰችውን የቤቴል ቤት ለሽያጭ አቀረበች። መቸኮሏን ያወቀው ገዢ ዋጋውን እያወረደ አመላለሳት። ቀብዱን ይዛ እስክትመጣ ቁስሉ አመርቅዞ ነበር። የተክሌን እግር ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ጋሽ ዘበርጋ ከነቁ በኋላ ሁሉን ሰምተው አስጠሩኝ።

«ፊርማዬን ታውቀው ነበር፣ አይደል?»

«አውቀው ነበር፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የቀጠርኩት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አሁን እሳቸው የሉም። አስካለ አግብታ ወልዳለች፤ ቼኩንም የምትፈርመው እሷ ናት፣ ገንዘቡም የትም አልሄደም። ተክሌ 18 ማዞሪያ ላይ ሲያገኘኝ ቀድሞ ይስመኛል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስቶብኝ አያውቅም፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ፊርማ ማስመሰል ሐሰት ነው ብዬ ልጆቼን አሳድጌአለሁ፤ ዛሬም ያንኑ እላለሁ። ዱሮ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የምለው። ሀብታም ቤተሰብ ሁሉ ገንዘቡን ከሌባ ለመጠበቅ ሲደክም አያለሁ፤ ቁልፉን ለሴት ልጁ አደራ መስጠት የከበደው አባት ግን የቆለፈው በገዛ ወንድ ልጁ ላይ ነው። አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ የሚያወጣው የአስካለ ቤት በስምንት መቶ ሺህ ሄደ። ስድስት መቶ ሺህ ብርና አንድ እግር።