በግራ ጎንህ ተኛ

ኦቦ ቶሎሳ የሰበታ ጎረቤቴ ናቸው። ለሲቲ ስካን ይዘውኝ ሲሄዱ ገና ሚኒባሱ ውስጥ «በቀኝ ያውልህ» ብለው መረቁኝ።

ማሽኑ ላይ ተኝቼ ምስሉን የሚያጎላውን መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ወዲያው ባለሙያው እየሮጠ መጥቶ «በግራ ጎንህ ተኛ፤ እንዳትነሳ!» አለኝ። ምንም አላመመኝም፤ ምን አይቶብኝ ነው?

ጩኸቱን ሰምተው ኦቦ ቶሎሳ ዘው አሉ። «ያ ዋቃ! በቀኝ ያውልህ ብዬ ያመጣሁትን ልጅ በግራ ታስተኙታላችሁ?» ብለው ወደ ቀኝ ይጎትቱኝ ጀመር። እሱ ይገፋኛል፣ እሳቸው ይስቡኛል፤ የማንን ልስማ?

እሳቸውን አስወጥተው ኦክስጅን አደረጉልኝ። በኋላ ሐኪሟ «ከመድኃኒቱ ጋር አየር ገብቶ ልብህ ውስጥ ታየ። በግራ ባትተኛ ወደ ሳንባህ ሊያልፍ ይችል ነበር» አለችን።

ኦቦ ቶሎሳ ይኸው ዛሬም ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ፊት እጃቸውን ዘርግተው «በግራ ያውልህ!» ይሉኛል። ሰፈርተኛው «ምን በድለሃቸው ነው?» ይለኛል።