የለም የተባለው በሽታ

የያዙኝ ጁባ ውስጥ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ከምሠራበት ክሊኒክ ነው። ከምሳ በፊት ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ገቡና አንደኛው የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ኪሱ ከተተውና «አሁን አብረኸን ትሄዳለህ» አለኝ።

ጥፋቴ ለአንድ የውጭ ሬዲዮ ጋዜጠኛ መናገሬ ነበር። ከአንድ መጋዘን የሚከፋፈለው የወባ መድኃኒት ጊዜው አልፎበታል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝና በዓይኔ ያየሁትን ነገርኩት። ጊዜው የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ስለ ነጻነቱ ድምፅ ሊሰጥ የሚሰናዳበት ነበር። ከተማው ደስታም ጥርጣሬም ይዞት ነበር። መጥፎ ወሬ ያወራ ሰው ሁሉ አንድ የላከው አካል እንዳለ ይታሰባል። እኔንም በመኪና ውስጥ ደጋግመው የጠየቁኝ ይህንኑ ነው፤ «ማን ላከህ?»

የወሰዱኝ ከወንዙ ወደብ አጠገብ ወዳለ አንድ ግቢ ነው። እስር ቤቱ የዕቃ ማጓጓዣ ኮንቴይነር ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ፊቴን የመታኝ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ሽታው። ሰዎቹን ያየኋቸው ዓይኔ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ በብየዳ የተበሱ ጥቂት ቀዳዳዎች አሉ። ከወንዙ በኩል የጀልባ ሞተርና የጫኝ አውራጆች ጩኸት ይሰማል።

«ከአዲስ አበባ ነህ?» የሚል ድምፅ በአማርኛ ሰማሁ።

ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ረጅም ሰው ነው። በልጅነቱ እኛ አገር ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ነው ያደገው፤ አማርኛውንም እዚያ ነው የተማረው። በሩ ስር ትንሽ አየር የሚገባበት ቦታ ነበረው። ከዚያ ቦታው ላይ ፈቀቅ ብሎ አስቀመጠኝ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ስለ መድኃኒት ተናግሬ።»

«እኔ ደግሞ ስለ በሽታ» አለ። 

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠባቂው ከውጭ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ትቶት ሄደ። በእንግሊዝኛ የጤና ዜና ይነበብ ነበር። ከጁባ በስተምዕራብ ባሉ መንደሮች ልጆችን የሚይዝ በሽታ አለ ይላል። ልጆቹ ራሳቸውን ወደ ፊት እየነቀነቁ ይቆያሉ፣ ከዚያ ይጥላቸዋል፣ ዕድገታቸውም ይቆማል። ሐኪሞች ሄደው ደም እየወሰዱ ነው፤ በወንዝ ዳር ዝንብ የሚተላለፍ ትል የተጠረጠረ ቢሆንም መንስኤው አልታወቀም።

ሰውየው ክንዴን ያዘኝ። እንግሊዝኛው ብዙም አልነበረም።

«ምን አለ? ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

ተረጎምኩለት። እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀስ አዳመጠኝ።

«በሬዲዮ ተናገሩት? አለ ብለው ተናገሩት?»

«አዎ፣ አለ አሉ።»

«ከላስ» አለ፤ በጁባ አረብኛ በቃ ማለቱ ነው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ታሪኩን ያን ዕለት ነገረኝ።

የታመመችው ሴት ልጁ ናት። መጀመሪያ ያዩባት ምግብ ሲቀርብላት ነው። ሳህኑ ፊቷ ሲቀመጥ አንገቷ ይለቅና ራሷ ዝቅ ከፍ ይላል። ሲያዩዋት የምታመሰግን ትመስላለች። ታናናሾቿ ይስቁ ነበር። በኋላ መውደቅ ስትጀምር መሳቃቸውን ተዉ። ከትምህርት ቤት ቀረች። ታናሽ እህቷ በቁመት በለጠቻት። ባለ መድኃኒት ጋ ወሰዷት፣ ካህን ጸለየላት፣ ምንም አልሆነም። በመንደሩ ሌሎች ልጆችም መነቅነቅ ሲጀምሩ አባትየው ፎቶዋን ይዞ ጁባ መጣ። ከቢሮ ቢሮ ተመላለሰ። የሚሰማው ሲያጣ የውጭ እንግዶች በሚመጡበት ቀን አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ፎቶውን ከፍ አድርጎ ቆመ።

«እንዲህ ያለ በሽታ የለም አሉኝ። አገሪቱን በኸዋጃ፣ በፈረንጅ ፊት ልታዋርድ የመጣህ ነህ አሉኝ። ወረቀት አመጡ። በሽታው የለም፣ ሰዎች ልከውኝ ነው የዋሸሁት ብለህ ፈርም፣ ከዚያ ወደ ቤትህ ሂድ አሉኝ።»

«አልፈረምክም?»

«ልጄ እየወደቀች እንዴት እፈርማለሁ?»

ከዚያ «ዶክተር፣ መድኃኒት አለው?» አለኝ። ፋርማሲስት እንደሆንኩ ነግሬዋለሁ፣ እሱ ግን ዶክተር ማለቱን አልተወም።

«የሚያድን አልተገኘም፣ ወንድሜ። መውደቁን የሚቀንስ ኪኒን ግን አለ። የሚጥል በሽታ ላለባቸው የምንሰጠው ነው። ለእነዚህ ልጆችም ይረዳል ይላሉ።»

«የት ነው ያለው?»

«እኛ ክሊኒክ አለ። መደርደሪያ ላይ።»

«አሁን አለ?»

«አሁንም አለ።»

ወደ ኮንቴይነሩ በር ዞሮ አየ። «በክሊኒካችሁ በር ፊት ስንት ጊዜ አልፌያለሁ» አለ። «ቶንፒንግን በእግሬ ነው የጨረስኩት።»

ከዚያ ተነሥቶ በሩን በመዳፉ ደበደበ። ጠባቂው ሲመጣ «እፈርማለሁ በለው። ለሹሙ ንገረው፣ እፈርማለሁ» አለው። ወረቀቱን ያመጣለት ሹም ግን ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ጠባቂው «ሲመጣ» ብሎት ሄደ።

ለእኔ ምግብ የሚያመላልሱልኝ ኮሎሎ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው የአገሬ ሰው ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ጠባቂው አማርኛ ስለማያውቅ ሳህን ስንቀባበል ሁለት ሦስት ቃል ይፈቅድልን ነበር። በማግስቱ ሲመጡ የኪኒኑን ስም ነገርኳቸው። ክሊኒኩ ያለችው ባልደረባዬ ለልጅቷ የሚሆነውን መጠን ጽፋ እንድትሰጣቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከሰውየው መንደር በኩል ከሰል በሚያመጣላቸው ሾፌር እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው።

«የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

«የዚህ የአጠገቤ ሰው።»

ጎንበስ ብለው በእጄ ስር አዩት። «እሺ የኔ ልጅ። ነገ ይሄዳል፣ እልክለታለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት መርሳት አልችልም። ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ያለማቋረጥ ይጠይቀኛል። ኪኒኑ ይመራል? ተፈጭቶ በማር ቢሰጥስ? የሚይዛት ምግብ ስታይ ስለሆነ ከምግብ በፊት ትውሰደው? እንቅልፍ እንቅልፍ ይላት ይሆን? ይላታል፣ መጀመሪያ ላይ ያስተኛል አልኩት። «ትተኛ» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቷም ትተኛለች።» ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ትምህርት ቤቱን አስፈቅዶ በር አጠገብ እንደሚያስቀምጣት፣ ሌላው ልጅ ቢስቅባት ራሱ አጠገቧ እንደሚቀመጥ ነገረኝ።

ከዚያ አንድ ቀን እትዬ ሲመጡ ሰላም ሳይሉ ሳህኑን ሰጡኝ። ሌላ ጊዜ ደህና አደርክ ሳይሉ አይሰጡኝም ነበር።

«ሾፌሩ ተመልሷል» አሉኝ፣ እሱ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው።

«አደረሰ?»

«ደርሶ ነበር። ቤቱን ሲጠይቅ ሰው ተሰብስቦ አገኘ። እናቷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ልጅቷ ብቻዋን እሳት ዳር ነበረች አሉ።» በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ለማን እንደሚሰጠው ቢጨንቀው መልሶ አመጣው። ከዳቦው ስር አለ።»

«ያላ፣ ሀበሺ!» ብሎ ጠባቂው አቻኮለኝ። በሩ ተዘጋ።

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።  እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን ሳይነቅል ጠየቀኝ።

«እሳት ነው ወይስ ወንዝ?»

በመንደራቸው እነዚህ ልጆች የሚሞቱት በሁለቱ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህን ጥያቄ ለብቻው ሲጠይቅ የኖረ መሆኑም።

«እሳት» አልኩት።

 እግሩን ሰብስቦ ግድግዳውን ተደገፈ። አብረውን የታሰሩት ነገሩን በአረብኛ ከእኔ ሰሙ። ከመካከላችን አንዱ ለቀኑ የተሰጠውን የመጠጥ ውሃ አመጣና በእጁ እያፈሰሰ ፊቱን አጠበው። ሌሎቹ እየተነሡ መጥተው እጁን እየጨበጡ አጠገቡ ተቀመጡ። ቦታው ጠባብ ስለነበረ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ነው የተቀመጥነው። ጠባቂው በሩን ከፍቶ አየን። በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶልን ሄደ፤ እስኪመሽ አልዘጋውም።

ሹሙ የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ወጣት ነው፤ ቁጣ የለውም፤ ወረቀቱን በንጹሕ ማኅደር ይዞታል። በሩ ላይ ቆሞ ሰውየውን ጠራው።

«ልትፈርም ፈልገሃል ተብያለሁ።»

«ፈልጌ ነበር።»

«እንግዲያው ፈርም። ዛሬ ትወጣለህ።»

ሰውየው እጁን በሸሚዙ ጠረገና ወረቀቱን ተቀበለ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ በጁባ አረብኛ ተናገረ፣ ሁላችንም ሰማን።

«ልጄ ተቀብራለች። የገደላት በሽታ የለም ብዬ አልፈርምም።»

ሹሙ እንዳልሰማ ሆኖ አየን፤ ቀጥሎ ወደ መሬት ተመለከተ። «ማሌሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይቅርታ እንደማለት። «ግን ብትፈርም ሀዘንህን ቤትህ ትቀመጥ ነበር።»

ሰውየው ወረቀቱን እንዳይጨማደድ ተጠንቅቆ መለሰለት። «ሹክራን» ብሎ አመስግኖት ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። 

ቆይቶ «ኪኒኑ የት አለ?» አለኝ።

«እኔ ጋ ነው።»

«ከቤታችን ማዶ፣ ከትልቁ የሉሉ ዛፍ አጠገብ አንድ ወንድ ልጅ አለ። ከእሷ ቀድሞ ነው የጀመረው። ሾፌሩ እንደገና ሲሄድ ለእናቱ ይስጣት። አባቱ ጋ አይስጥ፣ ይረሳል።»

ለእትዬ ሰጠኋቸው። ማስቲካ የምታክል ጥቅል ናት፤ ጡታቸው ስር ደብቀው ወጡ።

እኔን ብዙም ሳይቆዩ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሰው ወደ አገሬ ላኩኝ። እሱን እዚያው ትቼው ነው የወጣሁት። በኋላ የዚያ ግቢ እስረኞች ተለቀቁ ሲባል ሰማሁ፤ እሱ ከእነሱ ጋር ይኑር አይኑር የሚነግረኝ አላገኘሁም። እትዬ ግን አንድ ቀን ደወሉልኝ። ሾፌሩ ያን ልጅ አይቶታል። አልዳነም፤ መውደቁ ግን ቀንሶለታል፣ እናቱም ኪኒኑ ሳያልቅ ሌላ እንዲመጣላት ጠይቃለች። ስልኩን ዘግቼ አገሬ ገብቼ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን አላለቀስኩም ነበር።

ስለዚያ በሽታ ዛሬም ይጻፋል። ስለ ትሉ፣ ስለ ዝንቧ፣ ስለ ልጆቹ አንጎል። ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ፤ ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። ትምህርት ያለው ሰው እየተከራከረ እውነቱን እንደሚያገኘው አምናለሁ፤ ይዘገይ እንጂ። ያ ሰው ግን ጁባ ድረስ የመጣው ይህን ያህል ፈልጎ አልነበረም። ልጄ ታማለች ብሎ ሲናገር እንዲያምኑት ነበር።